ግራፉ ቀጥ፣ ኮከቡ ሞላላ

አንድ ጋላክሲ በቴሌስኮፕ ፎቶ ሳነሳ ባደርኩበት ሌሊት የጋይዲንጉ ግራፍ ያምር ነበር። ጋይዲንግ ማለት ጋይድ ካሜራ የሚባል ሁለተኛ ካሜራ አንድ ኮከብ እየተከታተለ፣ ኮከቡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሶፍትዌር ማውንቱን፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረውን መሣሪያ፣ እንዲያርመው ማድረግ ነው። ግራፉ ኮከቡ በሁለት አቅጣጫ ከቦታው ምን ያህል እንደራቀ ያሳያል። ሁለቱም መስመሮች ከዜሮ ብዙም ሳይርቁ ሌሊቱን ሙሉ ሄደዋል። ጠቅላላ ስህተቱ 0.6 አርክ ሰከንድ አካባቢ ነው፤ አንድ አርክ ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ያየ ሰው ላፕቶፑን ትቶ ይተኛል። እኔም ተኛሁ። ጠዋት ፎቶዎቹን ስከፍት ግን ኮከቦቹ ክብ አይደሉም። ሞላላ ናቸው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተሳቡ፣ ሁሉም በእኩል ልክ።

በዚህ ሥራ ሌሊት መበላሸቱ ብርቅ አይደለም። ደመና ይመጣል። ጤዛ መስታወቱን ያለብሰዋል። ኬብል ይነቀላል። የእነዚህ ምክንያት ስለሚታወቅ ሰው ተናድዶ ይረሳዋል። ይሄኛው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አንዱ ካሜራ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል፤ ሌላው «ኧረ በጭራሽ» ይላል። ሁለቱም የተቀመጡት አንድ ማውንት ላይ ነው። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ሰማይ ነው። ታዲያ ማንን ልመን?

ያን ሰሞን ደግሞ አዲስ ጋይድ ካሜራ እያማረጥኩ ነበር። የፒክሰሉ መጠን፣ ብርሃን የመያዝ አቅሙ፣ የሴንሰሩ ስፋት፣ ሁሉንም አነጻጽሬ ጨርሻለሁ። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ሌሊት ሲያስመሽ የሚውል ነው፤ ደስም ይላል። ግን ያ ፎቶ ዓይኔ ላይ እያለ ካሜራ ማወዳደሩ ትርጉም አጣብኝ። ያለኝ ካሜራ ኮከቡን በደንብ አይቶታል፤ ግራፉም ይመሰክራል። የተሻለ ካሜራ ብገዛ ምን ይጨምርልኛል? ይበልጥ የሚያምር ግራፍ?

አይጥ በበላ

መጀመሪያ የተጠረጠረው ማውንቱ ነው። ኮከብ ሞላላ ሲሆን ሁሉም ሰው ወደ ማውንቱ ይጠቁማል። ምክንያት የለውም አይባልም። ምድር ከኮከቦች አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። በዚህ ሂሳብ ሰማዩ በየሰከንዱ 15 አርክ ሰከንድ ያህል ይሸሻል። አንድ አርክ ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው። ያንን ሽሽት የሚከተል ማርሽ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቀረጽ ፍጹም አይሆንም። ዎርም ጊሩ (ዋናውን ማርሽ የሚያዞረው ጠመዝማዛ ማርሽ) በዞረ ቁጥር ማውንቱ ትንሽ ይፈጥናል፣ ከዚያ ትንሽ ይዘገያል። በመካከለኛ ደረጃ ማውንቶች ላይ ይህ ዑደት 8 ወይም 10 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ጋይዲንግ የሚያስፈልገን በዋናነት ለዚህ ነው።

ግን ማውንት ሲያጠፋ የራሱ ዓይነት አሻራ አለው። ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል፤ የሚወስደውም በአንድ ዘንግ፣ በምሥራቅና በምዕራብ አቅጣጫ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ግራፉ ላይ መታየቱ አይቀርም። የእኔ ኮከቦች የተሳቡት በሰያፍ ነው። ግራፉ ላይ ምንም የለም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የዋልታ አሰላለፉ ነበር። የማውንቱ ዘንግ ከሰማዩ ዋልታ በአንድ አርክ ደቂቃ (60 አርክ ሰከንድ) ቢዛነፍ ኮከቡ ቢበዛ በየደቂቃው ሩብ አርክ ሰከንድ ገደማ ይንሸራተታል። በአምስት አርክ ደቂቃ ቢዛነፍ ከአንድ አርክ ሰከንድ ያልፋል። ይህን ጋይዲንጉ ያርመዋል። የማያርመው የምስሉን መዞር ነው። ጋይድ ኮከቡ ባለበት ይቆማል፤ የቀረው ሰማይ በእሱ ዙሪያ ቀስ ብሎ ይዞራል። ስለዚህ ከጋይድ ኮከቡ አጠገብ ያሉት ክብ ይሆናሉ፣ ራቅ ብለው ጥግ ላይ ያሉት ይሳባሉ። የእኔ ፎቶ መሐሉም ጥጉም አንድ ነው። ዋልታውም ነጻ ወጣ።

አንድ ቀልድ የሚመስል ተጠርጣሪም አለ። ሴንሰር ላይ ሁልጊዜ የሚያበሩ የተበላሹ ፒክሰሎች ይኖራሉ። ሶፍትዌሩ ከእነሱ አንዱን ኮከብ ነው ብሎ ከያዘ ግራፉ በዓለም ላይ አቻ አይገኝለትም። የተበላሸ ፒክሰል አይንቀሳቀስማ! ለዚህ ነው የጋይዲንግ ሶፍትዌሩ ፒኤችዲ2 ገና ከመነሻው የጨለማ ፎቶ (ሌንሱ ተሸፍኖ የሚነሳ) ወይም የተበላሹ ፒክሰሎች ካርታ እንድንሠራ የሚለምነን። ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ እንደ ሶፍትዌር ፈቃድ ውል ሳናነብ እናልፈዋለን። እኔ ካርታው ነበረኝ፤ ግራፉም ቢሆን እንደ ሕያው ነገር ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱም አይደለም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ማውንቱን ፈትቼ ቅባት ልቀይርለት፣ የማርሹን ክፍተት ላጥብብ ብዬ ተነስቼ ነበር። ደግነቱ ከመፍታቴ በፊት አንድ ነገር ዓይኔ ላይ ወደቀ። በዚያው ሌሊት ለሙከራ ያነሳኋቸው የ30 ሰከንድ ፎቶዎች ላይ ኮከቦቹ ክብ ናቸው። ሞላላ የሆኑት የ5 ደቂቃዎቹ ናቸው። ጊዜ በጨመረ ቁጥር የሚጨምር ነገር አለ ማለት ነው። ንዝረት አይደለም። ነፋስ አይደለም። ዝም ብሎ፣ ሳይቸኩል የሚሄድ ነገር ነው።

ጋላክሲው ይሄዳል

ሁላችንም ፎቶዎቹን የምናያቸው አንድ በአንድ ነው፤ ወይ ደግሞ ሶፍትዌሩ ካሰለፋቸውና ከደራረባቸው በኋላ። ማሰለፉ ደግሞ ማስረጃውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ያልተሰለፉትን ፎቶዎች በተነሱበት ቅደም ተከተል አስቀምጬ እንደ ቪዲዮ አጫወትኳቸው።

ጋላክሲው ይሄዳል።

ዲተሪንግ (በፎቶዎች መካከል ቴሌስኮፑን ሆን ብሎ በጥቂቱ ማዛወር) ስለምጠቀም ከፎቶ ወደ ፎቶ ትንሽ መዝለሉ የሚጠበቅ ነው። ዲተሪንግ ግን አቅጣጫ የለውም፤ እዚህም እዚያም ነው። ከዝላዩ በታች ሌላ እንቅስቃሴ አለ። ቀጥ ያለ፣ በሰያፍ የሚወርድ፣ የማያቋርጥ። ለካሁት። በ5 ደቂቃ 3 ፒክሰል ገደማ። በሰዓት ከ30 ፒክሰል በላይ። በሌሊቱ መጨረሻ ጋላክሲው ከመነሻው ከመቶ ፒክሰል በላይ ርቆ ሄዷል። በዚህ ሁሉ ሰዓት ጋይድ ኮከቡ ከተቀመጠባት ቦታ ንቅንቅ አላለም።

ይህን ሳይ ለተወሰነ ጊዜ ማጫወቻውን ወደኋላ እየመለስኩ ደጋግሜ አየሁት። ምክንያቱም ያ ትንሽ እንቅስቃሴ ስለ ጋይዲንግ የነበረኝን ሥዕል ቀየረው። ጋይድ ካሜራው አልዋሸም። የተጠየቀው «ኮከቡ ከፒክሰልህ ላይ ተንቀሳቅሷል?» ተብሎ ነው። አልተንቀሳቀሰም አለ። እውነቱን ነው። ግን ለምን አልተንቀሳቀሰም? ሶፍትዌሩ ማውንቱን እየገፋ እዚያው ስላቆየው ነው። ጋይድ ካሜራው የሚያይባት ትንሽ ቴሌስኮፕ፣ ጋይድ ስኮፑ፣ ራሱ ከዋናው ቱቦ አንጻር በጥቂቱ ቢዘም ኮከቡ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። ሶፍትዌሩ ይህን «ስህተት» ለማረም ማውንቱን ይገፋዋል። ማውንቱ ደግሞ ዋናውን ቴሌስኮፕ ይዞ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር ጋይዲንጉ ስህተቱን ሳያየው መቅረቱ ብቻ አይደለም። ስህተቱን በትጋት ወደ ፎቶው ሲያደርስ ያደረው እሱ ነው።

ሾፌሩ መሪውን ቀጥ አድርጎ ስለያዘ ፖርቶመጋላው ላይ ያለው ጭነት አይንሸራተትም ማለት አይደለም። ግራፉ የመሪው ግራፍ ነው። እኔ የምፈልገው የጭነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ «የትኛው ጋይድ ካሜራ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ሁለተኛ ረድፍ ወረደ። መጀመሪያ የሚመጣው ሌላ ነው፦ የምለካው የማንን እንቅስቃሴ ነው?

ግማሽ ማይክሮን

ባለሙያዎቹ ይህን ዲፈረንሻል ፍሌክሸር ይሉታል። ሁለት ቱቦዎች በስበት ምክንያት ለየብቻ መዝመማቸው ነው። ቴሌስኮፑ ሰማዩን እየተከተለ ሲዞር ክብደቱ የሚጫንበት ጎን ቀስ እያለ ይቀየራል። ከላይ የነበረው ብሎን ወደ ጎን ይሆናል። የሚዘመው ሁሉ በዚያው ልክ ይዘማል።

ምን ያህል መዝመም ነው ይህን የሚያመጣው? ሂሳቡን ስሠራው አላመንኩም። የእኔ ጋይድ ስኮፕ በሁለት ቀለበቶች የተያዘ ነበር። በቀለበቶቹ መካከል ያለው ርቀት 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ጫፍ ከሌላው አንጻር በግማሽ ማይክሮን ዝቅ ቢል ስኮፑ የሚያይበት አቅጣጫ በአንድ አርክ ሰከንድ ይቀየራል። ግማሽ ማይክሮን! የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። በእኔ ፎቶ ላይ በሰዓት የታየውን መንሸራተት ለማምጣት የፀጉር ሩብ ያህል መዝመም ይበቃል።

አሁን እነዚያን ቀለበቶች እስቲ እዩአቸው። እያንዳንዳቸው ሦስት ብሎን አላቸው። ቱቦውን እንዳይቧጭሩ ጫፋቸው ላይ ፕላስቲክ አለ። ቀለበቶቹ የተቀመጡት ለፋይንደር (ለማነጣጠሪያዋ ትንሽ ቴሌስኮፕ) ተብላ በተሠራች ትንሽ መያዣ ላይ ነው። መያዣዋ ደግሞ የታሰረችው የኒውቶኒያኑ፣ ማለትም በመስታወት የሚሠራው ዋናው ቴሌስኮፔ፣ ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው ስስ ቆርቆሮ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ሰርጎድ ይላል። ይህ ሁሉ በግማሽ ማይክሮን ውስጥ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነበር የምጠብቀው።

ባለ ሦስት ብሎን ቀለበት ያለ ምክንያት አልመጣም። ጋይድ ኮከብ ፍለጋ ስኮፑን ወዲያ ወዲህ ማጋደል የግድ የነበረበት ዘመን ነበር። ያኔ ካሜራዎቹ ብዙ ኮከብ አያዩም። የዛሬ ካሜራ በአጭር ጋይድ ስኮፕ ላይ ሲቀመጥ የትም ቢዞር ኮከብ አያጣም። ስለዚህ ማጋደል አያስፈልግም። ጋይድ ስኮፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሌንሱ ይልቅ አያያዙን ይመልከት ባይ ነኝ። በሙሉ አካሉ ጥርቅም ብሎ የሚታሰር፣ የሚስተካከል ነገር የሌለው፣ ትኩረቱ ከተያዘ በኋላ የሚቆለፍ። መልኩ ቢያስጠላም ግድ የለም።

ይህን አድርጌ አየሁት። ቀለበቶቹን ጣልኳቸው። ጋይድ ስኮፑን ከቆርቆሮው አንስቼ ዋናውን ቱቦ በሚይዙት ወፍራም ቀለበቶች አናት ላይ በብረት ሰሌዳ አሰርኩት። የተንጠለጠለውን ኬብልም ሰብስቤ አሰርኩት፤ ኬብልም ይጎትታል። መንሸራተቱ በግልጽ ቀነሰ። ግን አልጠፋም።

ለምን እንዳልጠፋ ለማወቅ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ማለት ግድ ነው። ጋይድ ስኮፑን ምንም ያህል ባጠብቀው እሱ የሚያየው የራሱን ሰማይ ብቻ ነው። ዋናው ካሜራ የተንጠለጠለበት ፎከሰር (ትኩረት ማስተካከያው) ሲዘም አያይም። ዋናው መስታወት በመቀመጫው ላይ ሲንቀሳቀስ አያይም። በ800 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት አንድ አርክ ሰከንድ ሴንሰሩ ላይ 4 ማይክሮን አይሞላም። ሽሚት-ካሴግሬን ቴሌስኮፕ ያላቸው ሰዎች ይህን ጉዳይ ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። ትኩረት የሚያስተካክሉት ዋናውን መስታወት ወደፊትና ወደኋላ በማንሸራተት ስለሆነ መስታወቱ ሌሊት ላይ ትንሽ ጋደል ማለቱ የተለመደ ነው። ያንን የትኛውም ጋይድ ስኮፕ አይነግራቸውም።

ከዚያው ብርሃን መቆንጠር

መፍትሔው አሮጌ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ጆርጅ ሪቺ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፎቶ የሚያነሳበት የመስታወት ሳህን መያዣ በሁለት አቅጣጫ የሚንሸራተት ነበር። ከሳህኑ ዳር የምትመለከት ትንሽ የዓይን መነጽር አለችው። ታዛቢው ዳር ላይ ያለ አንድ ኮከብ እያየ ሳህኑን በእጁ ያንቀሳቅሳል። ኮከቡ የሚመጣው ፎቶውን በሚሠራው በዚያው መስታወት በኩል ነው። መስታወቱ ከዘመመ ኮከቡም አብሮ ይሄዳል፤ ታዛቢው ያየዋል፤ ያርመዋል።

ኦፍ-አክሲስ ጋይደር ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ከዋናው ካሜራ ፊት ለፊት፣ ከሴንሰሩ ጥላ ውጭ አንዲት ትንሽ ፕሪዝም ትገባለች። ከዳር ብርሃን ቆንጥራ ወደ ጎን ለጋይድ ካሜራው ትልካለች። ፎከሰሩ ቢዘም፣ መስታወቱ ቢንሸራተት፣ ሁለቱም ካሜራዎች አብረው ያዩታል። የማንን እንቅስቃሴ ነው የምለካው ላልኩት ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ይህ ነው።

ስለ በእጅ መምራት ካነሳሁ አይቀር፦ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል በጥቅምት 1923 በማውንት ዊልሰን መመልከቻ ጣቢያ፣ አንድሮሜዳ ጋላክሲ ውስጥ ያችን ዝነኛ ተለዋዋጭ (ብርሃኗ ከፍ ዝቅ የሚል) ኮከብ ያገኘበት ሳህን የ45 ደቂቃ ኤክስፖዠር (ብርሃን የመቀበያ ጊዜ) ነው። 45 ደቂቃ በብርድ፣ ዓይን ከኮከብ ላይ ሳይነሳ። እኛ ደግሞ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ግራፉ ትንሽ ወጣ ሲል እንበሳጫለን።

ኦፍ-አክሲስ ጋይደርም ያስከፍላል። ትልቁ ዋጋ ሰማዩ መጥበቡ ነው። የእኔ ጋይድ ካሜራ ሴንሰሩ 4.8 በ3.6 ሚሊ ሜትር ነው። በ200 ሚሊ ሜትሩ ጋይድ ስኮፕ ላይ ሲሆን ከአንድ ዲግሪ በላይ ሰማይ ያያል። በ800 ሚሊ ሜትሩ ዋና ቴሌስኮፕ በኩል ሲሆን 20 በ15 አርክ ደቂቃ ብቻ ይቀርለታል። ከሙሉ ጨረቃ ያነሰ ቁራጭ ነው። ስፋቱ በ16 እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። በሌላ በኩል የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ200 ሚሊ ሜትር መስታወት ስለተተካ የሚሰበሰበው ብርሃን በዚያው በ16 እጥፍ ያድጋል። የደበዘዙ ኮከቦች ይታያሉ። ሂሳቡ ይጣጣማል ማለት ግን አይደለም። ከብርሃኑ ዳር ላይ ኮከቡ የኮሜት ጭራ ያወጣል፤ ፕሪዝሟም የተወሰነውን ትቆርጣለች። ሚልኪ ዌይ አካባቢ ኮከብ ሞልቷል። ከእሱ ርቀን ወደ ጋላክሲዎቹ ሰማይ ስንዞር ግን ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። ኮከቡ አለ፤ ፕሪዝሟ ጋ የለም። አንዳንዴ ጋይደሩን ከነካሜራው አዙሮ ኮከብ ማደን ይመጣል።

ሌላም ዋጋ አለ። ብዙ ኮከቦችን በአንድ ጊዜ የሚከታተለው የፒኤችዲ2 ዘዴ የአየሩን መርገብገብ በደንብ ያለሰልሳል። ለዚያ ግን ብዙ ኮከብ ያስፈልጋል፤ ሰፊ ሰማይ የሚያይ ጋይድ ስኮፕ እዚህ ላይ ይበልጣል። አገጣጠሙም ትዕግሥት ይጠይቃል። ከኮማ ማስተካከያው (የዳር ኮከቦችን ጭራ ከሚያጠፋው ሌንስ) እስከ ዋናው ካሜራ ሴንሰር ከሚፈቀደው 55 ሚሊ ሜትር ውስጥ ጋይደሩም ቦታውን ይወስዳል። የሁለቱ ካሜራዎች ትኩረት አንድ ላይ መግጠም አለበት። ይህን ቀን ላይ ሩቅ ባለ ምሰሶ ወይም ሕንፃ መለማመድ ሌሊቱን ከማባከን ያድናል። ፕሪዝሟ ደግሞ ከፊልተሩ በፊት ትሁን። ከፊልተሩ ኋላ ከሆነች፣ በተለይ በጠባብ ሞገድ ፊልተር፣ ጋይድ ካሜራው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ሁለት ሴንሰር በአንድ ቤት የያዙት ካሜራዎች በ1990ዎቹም በካሜራ አምራቹ ኤስቢአይጂ ተሞክረዋል፣ አሁንም ተመልሰው መጥተዋል። ቅንጦታቸው ደስ ይላል፤ ፊልተሩ ከፊት ሲመጣ ግን ይኸው ችግር ይጠብቃቸዋል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ኦፍ-አክሲስ ይግዛ? አይመስለኝም። የትኩረት ርዝመቱ ከ500 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሪፍራክተር (በሌንስ የሚሠራ ቴሌስኮፕ) ያለው ሰው ጋይድ ስኮፑን ጥርቅም አድርጎ ይሰርና ይደሰት። ከ1000 በላይ ከሆነ፣ ወይም መስታወቱ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ጋይድ ስኮፕ ላይ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው። ከሁለቱ መሐል ያለነው ነን የምንቸገረው። ለእኛ መልሱ ያለው በራሳችን ፎቶዎች ውስጥ ነው፦ ሳያሰልፉ በተከታታይ ማጫወት።

አንድ መካከለኛ መንገድም አለ፤ እኔም ጋይደሩ እስኪገጠም ድረስ በእሱ ነው የሠራሁት። ኤክስፖዠሩን ማሳጠር። መንሸራተቱ በደቂቃ 0.6 አርክ ሰከንድ ከሆነ በአንድ ደቂቃ ፎቶ ላይ አይታይም፤ የአየሩ መርገብገብ ብቻውን ኮከቡን ሁለት ሦስት አርክ ሰከንድ ያሰፋዋል። የዛሬ ሲሞስ ሴንሰሮች የንባብ ጫጫታቸው በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙ አጫጭር ፎቶ መደራረብ እንደ ድሮው አይጎዳም። በተለይ ሰማዩ በከተማ መብራት ከደመቀ። ለጠባብ ሞገድ ፊልተር ግን አንድ ደቂቃ ያንሳል። ዲተሪንጉንም እንዳትተዉት። መንሸራተት ባለበት ዲተሪንግ ከጠፋ የሴንሰሩ ጉድፎች በተደራረበው ፎቶ ላይ እንደ ዝናብ መስመር ይወርዳሉ።

ካሜራው በመጨረሻ

አንድ ነገር ግን ምርጫውን እንደገና ያወሳስበዋል። አዲሶቹ ቀላል ማውንቶች በስትሬይን ዌቭ ማርሽ (ስስ ቀለበቱ እየተለጠጠ በሚዞር ማርሽ) የሚሠሩ ናቸው። በ1971 ጨረቃ ላይ የተነዳችው የአፖሎ መኪና መንኮራኩሮችም በዚህ ዓይነት ማርሽ ነበር የሚዞሩት። የሚመዝኑት ትንሽ፣ የሚሸከሙት ብዙ፣ ሚዛን ማስጠበቂያ ክብደት የማይፈልጉ። እኔም ዓይኔን ጥዬባቸዋለሁ። ግን ያለ ጋይዲንግ ረጅም ፎቶ የሚታሰብ አይደለም። መዛነፋቸው ወደዚህም ወደዚያም 20 አርክ ሰከንድ ሊደርስ ይችላል፤ ዑደቱም በአንዳንዶቹ 7 ደቂቃ ገደማ ነው። በጣም በሚፈጥንበት ሰዓት በየሰከንዱ 0.3 አርክ ሰከንድ ይሮጣል ማለት ነው። ስለዚህ ጋይድ ካሜራው በየሰከንዱ፣ እንዲያውም በየግማሽ ሰከንዱ ኮከቡን ማየት አለበት።

በዎርም ጊር ማውንት ላይ ተቃራኒው ነው የሚመከረው። ሁለት ሦስት ሰከንድ መጠበቅ፣ የአየሩን መርገብገብ ማባረር አለመጀመር። ኦፍ-አክሲስ ጋይደር ደግሞ ደብዛዛ ኮከብ ይዞ በሁለት ሦስት ሰከንድ መሥራት ይወዳል። ስትሬይን ዌቭ ማውንትና ኦፍ-አክሲስ አንድ ላይ ሲመጡ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ደብዛዛ ኮከብ የሚያይ ካሜራ ይፈለጋል። ካሜራ መምረጥ በእርግጥ ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ክርክር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማሳለፊያ ነው። ባለ ጥቁርና ነጭ ይሁን፤ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። የጋይድ ስኮፑ ፒክሰል ሰፊ መስሎ ሰውን ያስጨንቀዋል። ሶፍትዌሩ የኮከቡን መሐል የሚያገኘው በፒክሰል ክፍልፋይ ነው፤ የእኔ 3.9 አርክ ሰከንድ በፒክሰል እያየ 0.6 ላይ ሠርቷል። ማውንቱን የሚያዘውም በአሮጌው የጋይዲንግ ኬብል በኤስቲ-4 ሳይሆን ኮምፒውተሩን ከማውንቱ ጋር በሚያነጋግረው ሶፍትዌር በአስኮም በኩል ቢሆን ይመረጣል። እንዲያ ሲሆን ሶፍትዌሩ ቴሌስኮፑ ወዴት እንደሚያይ ያውቃል፣ ወደ ሌላ የሰማይ ክፍል በዞረ ቁጥር ልኬቱን እንደገና አይጀምርም።

ለኦፍ-አክሲስ ብዙ ሰው ትልቅ ሴንሰር ይመክራል። 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው አሉ፤ በ800 ሚሊ ሜትር ከ40 አርክ ደቂቃ በላይ ያያሉ ይባላል። ወረቀት ላይ ልክ ነው። ግን ጋይደሩ ውስጥ ያለችው ፕሪዝም ብዙ ጊዜ ጎኗ 8 ሚሊ ሜትር ነው። 8 ሚሊ ሜትር ፕሪዝም 11 ሚሊ ሜትር ሴንሰርን ሙሉ አታበራውም። ጠርዙ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ትልቅ ሴንሰር የሚፈልግ ሰው ትልቅ ፕሪዝም ያለው ጋይደር መግዛት አለበት። ያ ደግሞ ወፍራም ነው፤ ከ55 ሚሊ ሜትሩ ላይ ይቀንሳል፤ የፊልተር መያዣው ቦታ ያጣል። አንዱን ብሎን ስናጠብቅ ሌላው ይላላል።

ለጊዜው አዲስ ካሜራ አልገዛሁም። የድሮዋ ትንሿ ካሜራ ከጋይድ ስኮፑ ወርዳ ጋይደሩ ላይ ገብታለች። ፒክሰሎቿን ሁለት በሁለት አዋህጄ 1.9 አርክ ሰከንድ በፒክሰል ላይ ነው የምትሠራው። የግራፉ ቁጥር ከድሮው ትንሽ ከፍ ይላል፤ 0.7፣ አንዳንዴ 0.8። ኮከቦቹ ግን በ5 ደቂቃም ክብ ናቸው። የሚቀጥለው ወጪዬ ካሜራ ሳይሆን ፎከሰሩ የተቀመጠበትን የቱቦ ክፍል ከውስጥ የሚያጠነክር የብረት ሰሌዳ ነው። እሱ ከገባ በኋላ ጋላክሲዎቹ ሰማይ ላይ ኮከብ ካጣሁ፣ ያኔ ስለ ትልቁ ሴንሰርና ስለ ትልቁ ፕሪዝም እንደገና እንነጋገራለን።